የአቶ ቮንድራ እርማት

ደምያናዬ፣

ከብርኖ ሆስፒታል ነው የምጽፍልሽ። አከራዬ አቶ ቮንድራ ልባቸውን ኦፕራሲዮን እየተደረጉ ነው። እኛ አገር ሚንያ ቢሆን ኮሪደሩ በዘመድ ይሞላ ነበር፤ እሳቸው ግን ነጠላ ጫማቸውን በከረጢት ይዘው ከእኔ ጋር ብቻ መጡ። ቼክኛ የሚያስተምሩኝ እሳቸው ናቸው። ስጸልይ በሰሙ ቁጥር፣ “ሰማይ ላይ ሰው የለም፤ ይልቅ ትምህርትሽን አጥኚ!” ይሉኛል።

ዛሬ አልጋቸው ሊገፋ ሲል እጄን ጨምድደው ያዙኝ።

“በይ ጸልዪልኝ። በቼክኛ! ስትሳሳቺ አርምሻለሁ።”

ጀመርኩ፤ በየቃሉ ተደናቀፍኩ። አንዲት ስህተት የማያሳልፉት ሰውዬ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡኝ እንጂ አንዴም አላረሙኝም።

የኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ገና አልተከፈተም። እናትሽን ሳሚልኝ፤ ልጆቹንም። ወረቀቱ ላይ ቦታ አለቀብኝ፤ የጎደለውን ጸሎት አንቺ በቋንቋችን ሙይልኝ።

ቬሮኒያ