ለጨረታ የቀረበው የጣዎስ ክንፍ

ለተከበሩ የሰፈራችን የእጅ ሥራ አልባሳት ሰልፍ አዘጋጅ ኮሚቴ ሊቀመንበር፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ሙሉ ጤና፣ በተለይም የጉሮሮ ጤና እመኝልዎታለሁ፤ በሰልፉ ዕለት ያን ሁሉ ንግግር ያወረደ ጉሮሮ እስካሁን ደህና ከሆነ ተአምር ነው። እኔ ከቤትዎ ፊት ለፊት የምኖር ልብስ አጣቢ ስሆን፣ ዓይኗ ሳይጠፋ በፊት የሰፈሩን ግማሽ ያለበሰችው የልብስ ሰፊዋ ልጅ ነኝ። በአደባባይ መጻፌን በድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ፤ ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ስለሚሆኑ ነው። ምስጋናዬም እነሆ በተራ ቁጥር፦

1. ልጆቻችን በቤታቸው በተሰፋ ልብስ ሰልፍ እንዲወጡ ገንዘብ ያስፈልጋል ብለው በየበሩ ሲያንኳኩ፣ ያለንን ሰጠን። የተዋጣው ለድንኳኑ፣ ለድምፅ ማጉያውና የእርስዎ ፎቶግራፍ ለታተመበት ሸራ አልበቃ ሲል ግን በዋዜማው የልጆቹን አልባሳት ሰብስበው ጨረታ አወጡባቸው። የአልባሳት ሰልፉን ወጪ ለመሸፈን አልባሳቱን መሸጥ ከእርስዎ በቀር የማንም ጭንቅላት የሚያፈልቀው ዘዴ አይደለም። እኛማ ለእይታ የሚቀርቡ መስሎን አጥበን፣ ተኩሰን አስረከብን።

2. በማግስቱ ልጆቹ እንዳይከፋቸው ማሰብዎንም ሳላመሰግን አላልፍም። ዩኒፎርማቸውን አስለብሰው ደረታቸው ላይ ወረቀት ለጠፉላቸው፤ አንበሳ ሊሆን የነበረው «አንበሳ»፣ ፀሐይ ልትሆን የነበረችው «ፀሐይ»፣ የኔዋ ልጅም «ጣዎስ» የሚል ተለጥፎባቸው እንደ መጋዘን ካርቶን ተራ በተራ አለፉ። ድንኳኑ ለክቡራን እንግዶች በመሆኑ ዝናቡ ቀለሙን እስኪያጥበው ድረስ ሁሉም በግልጽ ይነበብ ነበር።

3. እናቴ ግን ማንበብ አትችልም። ዓይኗ ከጠፋ ወዲህ የሰፋችው ብቸኛ ልብስ ያ የልጄ የጣዎስ ክንፍ ነው። ከሟች አባቴ ካፖርት ገበርና ከራሷ የሠርግ ቀሚስ ቆርጣ፣ በጣቷ እየዳበሰች፣ መርፌው እየወጋት ሠራችው። በየላባው ጫፍ ትንንሽ ቃጭል የሰፋችው ለጌጥ አልነበረም፤ የልጅ ልጇ በፊቷ ስታልፍ በጆሮዋ ልታያት ብላ ነው። የሰልፉ ዕለት በራችን ላይ ወንበር አስወጥታ ጠበቀች። ልጄ ወረቀቷን ለጥፋ፣ ለቅሶዋን ውጣ፣ ኮሽ ሳትል አለፈች። እናቴ መንገዱ ተጠርጎ እስኪያልቅ ድረስ ከወንበሩ አልተነሳችም።

አሁን ለእናቴ፣ ልጅቱ በዕውር እጅ በተሰፋው ልብስ አፍራ የጣለችው ይመስላታል። እውነቱን ነገርናት፤ አላመነችም። ለአልባሳት ሰልፍ ብሎ አልባሳት የሚሸጥ ጅል በምድር ላይ የለም፣ እኔን ለማጽናናት የፈጠራችሁት ነው ትላለች። ከእርስዎ ጋር ስለማትተዋወቅ አልፈርድባትም። መርፌ መንካት ትታለች፤ ልጄን ደግሞ ከዚያ ቀን ወዲህ ስሟን ጠርታ አታውቅም፣ ልጄም እሷ ካለችበት ክፍል መግባት ፈርታ ኩሽና ውስጥ ትበላለች።

4. አቤት ልል መንገድ ላይ ሳስቆምዎት፣ ዓይን ለሌለው ሰው ልጅቱ ለበሰች አልለበሰች ምን ልዩነት አለው ብለው ስላጽናኑኝ ከልብ አመሰግናለሁ። እንዲህ ያለ ማጽናኛ በእርስዎም ቤት፣ በክፉ ቀን፣ ሳይጎድል ይድረስልዎ።

ወንበርዎ ከሥርዎ፣ ማይክሮፎኑም ከእጅዎ እንዳይለይ፣ የሚያጨበጭብልዎም ሰው ከድንኳኑ እንዳይጠፋ ጠዋትና ማታ የምለምንልዎ፣

አክባሪዎ፣ የልብስ ሰፊዋ ልጅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ክንፉን በጨረታው ያሸነፉት ባለቤትዎ በረንዳችሁ ላይ በመስቀላቸው ቤታችሁ አምሮበታል። ችግሩ ነፋስ ሲመጣ ማንቃጨሉ ነው። እናቴ በሰማችው ቁጥር ልጅቱ በመጨረሻ ለበሰችልኝ ብላ፣ ግድግዳውን ተደግፋ እስከ በሩ ትወጣለች፤ ዛሬ ደግሞ ነፋሱ በርትቷል። ክንፉን መልሱልን ብዬ አላስቸግርዎትም፤ ቃጭሎቹን ብቻ ቁረጡልን። ለዚሁ እንዲሆንዎ የእናቴን መቀስ ከደብዳቤው ጋር ልኬያለሁ፤ እሷ እንደሆነ ከእንግዲህ አትፈልገውም። ሲጨርሱ እባክዎን ጨረታ አያውጡበት።