መልስ ያጣ ስም፦ የወይዘሮ ቬርና ሃልቮርሰን የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ቬርና ሃልቮርሰን ከአባታቸው ከአቶ ኒልስ ስትሮም እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሂልዳ ኤክ፣ በነብራስካ ግዛት ከኮርዴል ከተማ በስተ ሰሜን ባለው የቤተሰቡ የበቆሎ እርሻ ላይ እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 1931 ተወለዱ። ልጅነታቸው ሰማዩ በቀን በአቧራ የሚጨልምበት ዘመን ነበር። ታናሽ ወንድማቸው ጉናር ደረቱ ታፍኖ ሊሞት ሲል ከከተማው መድኃኒት ቤት በመጣ በአንድ ቡናማ ጠርሙስ ሽሮፕ ተርፏል። ወይዘሮ ቬርና ያንን ጠርሙስ አጥበው ለብዙ ዓመታት አስቀምጠውት ነበር።

ትምህርታቸውን በኮርዴል ካጠናቀቁ በኋላ በ1949 ፋርማሲ ኮሌጅ ገቡ። ከስልሳ ተማሪዎች ሴቶቹ ሰባት ብቻ ነበሩ። ወንዶቹ፣ የመጣችሁት ባል ፍለጋ ነው ወይስ ሽቶ ልትሸጡ፣ እያሉ ይተርቧቸው እንደነበር በሳቅ ያወሩ ነበር። መልስ የሚሰጡት ሁልጊዜ ከሴቶቹ በዕድሜ ትልቋ ነበሩ፦ «ባልማ ብንፈልግ እናንተ ያላችሁበት ምን አመጣን?» እኚህ ተማሪ ወይዘሪት ዶሎረስ ቪቴክ ነበሩ።

በ1951 ሁለቱም በሦስት የግሪክ ፊደላት የሚጠራው የሴት ፋርማሲስቶች የሙያ ማኅበር አባል ሆኑ። በማኅበሩ ሥርዓት አዲስ አባላት ሁለት ሁለት እየሆኑ አንድ ሻማ አብረው ይዘው ቃል ይገባሉ። የመጀመሪያው ቃል ስለ ሥራው ነው፤ የመድኃኒቱን ጽሑፍ ድምፅ አውጥቶ ሦስት ጊዜ ማንበብ፣ ከመደርደሪያ ሲያነሱ፣ ሲቆጥሩ እና ወደ ቦታው ሲመልሱ። ሁለተኛው ስለ ስም ነው። በየዓመቱ በጥቅምት ስብሰባ የአባላቱ ሁሉ ስም ይጠራል፤ ምንም ቢመጣ ከመዝገቡ ስም አይፋቅም። በሕይወት ያለችው ለራሷ ትመልሳለች። ለሞተችው ሻማውን አብራት የያዘችው «ከእኛ ጋር ናት» ብላ ትመልስላታለች። ሁለቱም ካለፉ ጉባኤው በሙሉ በአንድ ድምፅ ይመልሳል። ወይዘሮ ቬርና ሻማ የያዙት ከወይዘሪት ዶሎረስ ጋር ነው።

በ1953 ተመረቁ፤ በ1955 ከአቶ ኤልመር ሃልቮርሰን ጋር አሁን በተሰበሰብንባት በዚህችው ቤተ ክርስቲያን ጋብቻቸውን ፈጸሙ። በዚያው ዓመት ወይዘሪት ዶሎረስ ከአባታቸው በወረሱት የኮርዴል መድኃኒት ቤት ውስጥ አብረዋቸው እንዲሠሩ ወይዘሮ ቬርናን ጠሯቸው። አንዳቸው የቆጠሩትን ሌላኛቸው ሳያዩት አይወጣም ነበር። ያየችው የስሟንና የአባቷን ስም የመጀመሪያ ፊደላት በመለጠፊያው ወረቀት ጥግ ላይ በታይፕ ትመታለች። ነገር ግን ወይዘሪት ዶሎረስ ለምሳ ወደ ጓዳ ሲገቡ፣ ፓፒ በሚባል አበባ ፍሬ የተሞላ፣ ኮላቼ የሚሉትን ጣፋጭ ዳቦ ሲበሉ፣ ደንበኛ እንዳይጉላላ ተብሎ ወይዘሮ ቬርና የጓደኛቸውን ፊደላት ራሳቸው ይመቱ ነበር። ሁለቱም ተስማምተውበት ነበር። ለሦስት ዓመት ምንም አልደረሰም።

በሐምሌ 1958፣ በምሳ ሰዓት፣ የገበሬ ሚስት የነበሩት የወይዘሮ ኤልሳ ብሩገር የልብ ክኒን ተጠየቀ። ክኒኑ በሁለት ዓይነት መጠን ይመጣል፤ ጠርሙሶቹ ሁለቱም ቡናማ፣ ክዳናቸው ሁለቱም ነጭ ነው፤ ልዩነታቸው ቁጥሩ ብቻ ነው። ወይዘሮ ቬርና የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበሩ፤ ሙቀቱም ከባድ ነበር። ሲያነሱ አነበቡ፤ ሲቆጥሩም አነበቡ። ዓይናቸው ያነበበው ግን ይኖራል ብለው የጠበቁትን ቁጥር ነበር። ሲመልሱ ሳያነቡ መለሱት። በመለጠፊያው ጥግ ላይ የመቱት «ዶ.ቪ.» የሚል ነው። ወይዘሮ ኤልሳ እጥፍ መጠን ሲወስዱ ቆይተው በዘጠነኛው ቀን አረፉ።

የግዛቱ መርማሪ መጥቶ ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አቆመው። የታይፕ ፊደል የማን እጅ እንደሆነ አይናገርም። መርማሪው ይህ ፊደል የማን ነው ብሎ ሲጠይቅ ወይዘሮ ቬርና ለመናገር ከመቀመጫቸው ተነሡ። ወይዘሪት ዶሎረስ በትከሻቸው ይዘው መልሰው አስቀመጧቸው።

«ፊደሉ የኔ ነው» አሉት መርማሪውን። ከዚያም ዝቅ ባለ ድምፅ «አርፈሽ ተቀመጪ አንቺ፣ ሆድሽን ያዢ። ያዋስኩሽ እኔ ነኝ» አሏቸው።

ወይዘሮ ቬርናም ተቀመጡ። ከዚያች ሰዓት በኋላ ተነሥቼ አላውቅም ይሉ ነበር በመጨረሻ ዓመታቸው።

የወይዘሪት ዶሎረስ የሙያ ፈቃድ ተሰረዘ፤ መድኃኒት ቤቱም ተሸጠ። እርሳቸው ወደ ኦማሃ ከተማ ሄደው በአንድ ጨርቅ መደብር ቁልፍና ጥብጣብ ሲሸጡ ኖሩ። ወይዘሮ ቬርና ግን እዚያው መድኃኒት ቤት፣ እዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ ለአዲሱ ባለቤት ሠሩ፤ እስከ 1995 ድረስ አንድም ስሕተት አልፈጸሙም። የወይዘሮ ኤልሳ ባል አቶ ብሩገር የራሳቸውን መድኃኒት ለመውሰድ በመጡ ቁጥር «እርስዎ እንኳን ጠንቃቃ ነዎት፤ እንደዚያችኛዋ አይደሉም» ይሏቸው ነበር። እርሳቸውም አንገታቸውን ደፍተው ክኒኑን ይሰጧቸዋል።

በየገናው ከኦማሃ አንድ ካርድ ይመጣል። ሰላምታ የለውም፤ ከጥጉ ላይ በታይፕ «ዶ.ቪ.» ብቻ። ወቀሳ ይሁን ይቅርታ፣ ወይዘሮ ቬርና እስከ መጨረሻው አላወቁም። አሥራ አራት ካርዶች መጡ። በ1972 ወይዘሪት ዶሎረስ አረፉ፤ ካርዱም ቆመ። ከዚያ ወዲህ ግን ወይዘሮ ቬርና ጠርሙስ ወደ መደርደሪያው በመለሱ ቁጥር ሦስተኛውን ንባብ ከኋላቸው ሌላ ሰው ቀድሟቸው ሲያነብ ይሰሙ ነበር፤ ጉንፋን እንደያዘው ሰው በትንሹ በአፍንጫ የሚወጣ የጓደኛቸው ድምፅ። ደንበኞች በድንገት ሲዞሩ ያዩአቸው ነበር። አንዳንድ ቀን ጓዳው የፓፒ ፍሬ ይሸታል ሲሉ፣ አዲሱ ባለቤት ምንም አይሸተኝም ይላቸው ነበር።

በዚያው በ1972 በጥቅምቱ ስብሰባ ላይ «ዶሎረስ ቪቴክ» ተብሎ ተጠራ። የመመለሱ ተራ የወይዘሮ ቬርና ነበር። አልመለሱም። ጠሪዋ አንድ ትንፋሽ ያህል ጠብቃ ወደሚቀጥለው ስም አለፈች። በሚቀጥለው ዓመትም እንዲሁ ሆነ። ሃምሳ አንድ ጥቅምት እንዲህ አለፈ።

ይህን የምትጽፈው የወንድማቸው የጉናር ልጅ ማርሊስ ናት። በመጨረሻዎቹ አሥራ ዘጠኝ ዓመታት ወደ ስብሰባው በመኪና የምታደርሳቸው እርሷ ነበረች፤ አባል ስላልሆነች ከበሩ ውጭ ተቀምጣ ትጠብቃለች። በበሩ በኩል ስሞቹ ሲጠሩ፣ መልሶቹም ሲከተሉ ይሰማል። ከዚያ አንድ ስም ይጠራል፤ ምንም አይሰማም። ወንበር እንኳ አይንቋቋም። በየዓመቱ ያ ዝምታ እየረዘመ የሚሄድ ይመስላት ነበር። ሳትጠይቃቸው ብዙ ዓመት ጠበቀች። ባለፈው ዓመት በዐቢይ ጾም፣ ከእሁድ አገልግሎት በኋላ መኪናው ውስጥ ሳሉ፣ ራሳቸው ነገሯት። ታዲያ ለምን ይሄዳሉ ብላ ስትጠይቃቸው «ባልሄድ ስሟን ማን ይሰማዋል?» አሏት። ለምን አይመልሱላትም ስትላቸው ደግሞ «ፊደሏን ሰርቄ፣ ከእኛ ጋር ናት ልበል? እውነቱ ሳይነገር አፌ አይከፈትም፣ ማርሊስ» አሉ።

እውነቱ በሕይወታቸው ሳሉ እንዲነገር ፈልገው ነበር። ለጥቅምቱ ስብሰባ የሚያነቡትን ጽፈው ተዘጋጁ። በዚያ ቀን ተነሥተው ቆሙ፤ ወረቀቱን ያዙ፤ ድምፃቸው አልወጣም። ከበሩ ውጭ የነበረችው ማርሊስ የሰማችው ወረቀቱ ሲታጠፍ ብቻ ነው። ወደ ቤት ሲመለሱ ወረቀቱን ጭኗ ላይ አስቀምጠው፣ እንግዲህ አንቺ ታነቢዋለሽ፣ እኔ መናገር በማልችልበት ቀን፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ምንም ሳታሳምሪ፣ ብለው አዘዟት። እነሆ ወረቀቱ የያዘው ሁሉ በዚህ ጽሑፍ ተነግሯል፤ ትእዛዛቸው ተፈጸመ።

በኅዳር ወር የቆሽት ካንሰር እንዳለባቸው ታወቀ። ሕመማቸውን በቤታቸው በትዕግሥት ተቀበሉ። ነርሷ የሕመም ማስታገሻውን ስታመጣ መለጠፊያው ሦስት ጊዜ ካልተነበበ አይወስዱም ነበር። አንዴ ነርሷ ታነባለች፤ አንዴ ማርሊስ ታነባለች። ሦስተኛውን ልታነብ ስትል እጃቸውን አንሥተው «ተዪው፣ እሷ ታነበዋለች» ይላሉ። ነርሷና ማርሊስ ጠርሙሱን ይዘው ዝም ይላሉ። ከዚያ ወይዘሮ ቬርና ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጉና ይወስዳሉ። ማርሊስ ምንም ሰምቻለሁ አትልም። ግን የማዳመጥ ልማድ አላት፤ ዝምታው ባዶ እንዳልነበረ በእግዚአብሔር ፊት ትመሰክራለች።

ወይዘሮ ቬርና ሃልቮርሰን በተወለዱ በዘጠና ሁለት ዓመታቸው የካቲት 6 ቀን 2024 ከቀኑ በስምንት ሰዓት፣ በምሳ ሰዓት ማብቂያ ላይ፣ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸው አቶ ኤልመር በ1999፣ ወንድማቸው ጉናር በ2011 ቀድመዋቸዋል። በዚያ ሐምሌ በማሕፀናቸው የነበረችው ልጃቸው ወይዘሮ ሎርና፣ ልጃቸው አቶ ካርል፣ አምስት የልጅ ልጆች እና ማርሊስ በኀዘን ቆመዋል። አሥራ አራቱ ካርዶች በእጃቸው ሥር፣ በሣጥኑ ውስጥ ናቸው።

የወይዘሮ ኤልሳ የልጅ ልጅ ወይዘሮ ጃኒስ ብሩገር ይህ ጽሑፍ ከመነበቡ በፊት ሁሉም ተነግሯቸዋል፤ መጥተው ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል። እናመሰግናቸዋለን። ከዚህ የሚበልጥ ልንጠይቃቸው አይገባንም።

አሁን የማኅበሩ እኅቶች ሁለት ስሞችን ይጠራሉ። ወይዘሮ ቬርና የእርሳቸው ስም ሁለተኛ እንዲሆን፣ የመጀመሪያው ካልተመለሰም የእርሳቸው ጨርሶ እንዳይጠራ ለምነዋል። ሁለቱም ሻማ ያዢዎች ስላለፉ መልሱ ከእንግዲህ የሁላችን ነው፤ የማኅበሩ አባል ያልሆናችሁም መልሱ።

ሦስቱንም ሴቶች፣ ኤልሳን፣ ዶሎረስን እና ቬርናን፣ የሁሉን ስም የሚያውቀው ጌታ በአንድ ብርሃን ያሳርፋቸው። በመዝገቡ የጻፈውን የማይፍቅ አምላክ ምሕረቱን ያብዛላቸው።

እባካችሁ ተነሡ።

«ዶሎረስ ቪቴክ።»