ልምጣ ወይ ላልሽኝ

ቶሮንቶ፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ
እሑድ፣ ጥቅምት 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለያስሚን፤

አሰላሙ ዓለይኩም የኔ እናት። እንዴት ሰነበትሽልኝ? እግርሽስ? አላህ ያሽርሽ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ደህና የምልሽ አንድ እግሬን ትራስ ላይ ሰቅዬ ነው፤ ምክንያቱን እነግርሻለሁና አትደንግጪ። አማርኛውን ቀስ እያልሽ አንብቢው። ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል ሳስቆጥርሽ “ማሚ፣ ይሄ ምን ይሠራልኛል?” እያልሽ ታለቃቅሺ ነበር። ይኸው ሥራ ተገኘለት። ወረቀቱን በፖስታ እልከዋለሁ፣ እሱ እስኪደርስ ግን ፎቶ አንሥቼ በስልክሽ እልክልሻለሁ።

የዛሬ አሥር ቀን ደውለሽ ያልሽኝ ከጆሮዬ አልወጣም። “ማሚ፣ ስትረስ ፍራክቸር ነው አሉኝ። ሩጫ ሲበዛበት ቅልጥሜ ተሰንጥቋል። ሦስት ወር ሩጫ የለም። ልምጣ ወይ?” አልሽኝ። እኔም “ቆይ ላስብበት” ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ቅር እንዳለሽ አውቃለሁ። እናት ልጇን ነዪ ለማለት ደግሞ ምን ታስባለች ብለሽ ይሆናል።

የማስበውማ ይህን ነበር። የስኮትላንዱን ትምህርትሽን አቋርጠሽ ከመጣሽ ቦታሽን ለሌላ ይሰጡታል። አሠልጣኝሽ እዚሁ አገግሚ፣ ክረምቱ ሲወጣ ወደ ተራራ ሩጫሽ ትመለሻለሽ ብሎሻል። እዚህ ከመጣሽ አንድ ሥራ ትይዣለሽ፣ እግርሽም ይድናል፣ የስኮትላንዱ ተራራ ግን እዚያው ይቀራል። ይህን አንቺም ታውቂዋለሽ። ባታውቂው ኖሮ እኔን ሳትጠይቂ ሻንጣሽን ይዘሽ በር ላይ ቆመሽ አይሽ ነበር።

መልሴን ከመስጠቴ በፊት ግን ያልነገርኩሽ ነገር አለ። እኔ እሮጣለሁ። አትሳቂ።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ ማታ ማታ ቤቱ ጭር ሲልብኝ ከሕንፃችን በታች ወዳለው ሸለቆ ወረድ እል ጀመር። እዚህ ሳለሽ ዳገቱን ስትመላለሺ ጃኬትሽን ይዤ እጠብቅሽ የነበረበት ወንበር ላይ ሄጄ እቀመጣለሁ። የሚሮጠውን ሰው ሁሉ አያለሁ፤ ካንቺ ጋር የሚመሳሰል አንድም የለም። አንድ ቀን ብርዱ ሲጠናብኝ ተነሥቼ ዳገቱን በእግሬ ወጣሁት። በሌላው ቀን ፈጠን አልኩ። ከዚያ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ በሃምሳ አራት ዓመቴ በረጅም ቀሚስና በሒጃብ ዳገት የምሮጥ ሴትዮ ሆንኩ። የማደርገው ትተሽው የሄድሽውን አሮጌ ጫማሽን ነው። ስለሚሰፋኝ ሁለት ካልሲ እደርብበታለሁ።

መጀመሪያ የያዘኝ ተረከዜን ነው። ጠዋት ከአልጋ ወርጄ ስረግጥ ምስማር የረገጥኩ ይመስለኝ ነበር። ትዝ ይልሽ እንደሆነ አንድ ቀን ደውዬ “በሥራዬ የምንከባከባት አንዲት ሴትዮ ተረከዟን ታማለች፣ የሩጫ ሰዎች ለዚህ ምን ያደርጋሉ?” ብዬሽ ነበር። አንቺም ጠርሙስ ውኃ ፍሪዘር ውስጥ ታስቀምጥና በረዶ ሲሆን በእግሯ ሥር ታንከባልለው፣ ባቷንም ደረጃ ላይ ቆማ ታፍታታ አልሽኝ። ከዚያ ደግሞ ያችው ሴትዮ ጉልበቷን ታመመች። ቁልቁለት ስትወርድ አጠር አጠር አድርጋ ትርገጥ፣ ሳትደገፍ ከወንበር ቁጭ ብድግ እያለች ጭኗን ታጠንክር አልሽኝ። በደወልሽ ቁጥር “ሴትዮዋስ ተሻላት?” ትዪኝ ነበር። ሴትዮዋ እኔ ነበርኩ ልጄ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ሕመሙ ሻል ሲለኝ ቅር ይለኝ ነበር። እንዴት ዋልሽ፣ በላሽ ወይ፣ ብርዱ እንዴት ነው ከተባባልን በኋላ እኔና አንቺ ወሬ ያልቅብናል። አንቺ ወደ ልምምድሽ ትቸኩያለሽ፣ እኔም ቸኩላለች ብዬ አሳጥረዋለሁ። ስለ ሴትዮዋ ተረከዝ ሲሆን ግን ግማሽ ሰዓት ሙሉ ታወሪልኝ ነበር። ድምፅሽ እንዲቆይልኝ ብዬ ያልታመምኩትን ሁሉ መታመም አምሮኝ ያውቃል።

አንቺ ልምጣ ወይ ባልሽኝ በነጋታው፣ ዓርብ ከሥራ ስመለስ፣ ወደ ሸለቆው ወረድኩ። ነዪ ልበላት፣ አትምጪ ልበላት እያልኩ ከራሴ ጋር እየተሟገትኩ ዳገቱን ያለ ወትሮዬ በኃይል ወጣሁት። ስመለስ ደግሞ ቁልቁለቱን በሩጫ ያዝኩት። አጠር አድርጋ ትርገጥ ያልሽው ጠፋኝ። መሬቱ በርጥብ ቅጠል ተሸፍኖ ነበርና እግሬ ሸርተት አለ፤ ቁርጭምጭሚቴ ወለም ሲል ድምፁ ተሰማኝ። እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለእግሬ ነው እንዳልል ያን ያህል አላመመኝም ነበር። ባንቺ ነገር ነው ያለቀስኩት።

እንደ ምንም እያነከስኩ መንገዱ ላይ ስደርስ ታክሲ የሚነዳው ጎረቤታችን ዘይኑ አየኝና መኪናውን አቆመ። ለካስ ቅድምም ስሮጥ ከሩቅ አይቶኝ ኖሯል። እኛ ዘንድ መቼም ትልቅ ሴት አትሮጥም። ከሮጠች ወይ ቤት ተቃጥሏል፣ ወይ ሰው ሞቷል።

“እትዬ ጠይባ፣ ምን ሆነው ነው? ይግቡ፣ ይግቡ” አለኝ።

“የያስሚን ነገር ነው” አልኩት። ሌላ ቃል አልወጣ አለኝ።

“ያስሚን ምን ሆነች?”

“ተወኝ ዘይኑ። ደግሞ ለሰው እንዳትናገር።”

እንዳትናገር ያልኩት ሩጫዬን ነው። በዚህ ዕድሜዋ ሸለቆ ውስጥ ስትሮጥ ወድቃ ተገኘች መባሉ አሳፍሮኝ ነው። እሱ ግን ሬዲዮኑን አጠፋና ቤት አደረሰኝ። እስከ ዘጠነኛ ፎቅ ደግፎ አወጣኝ፣ በሩ ላይም “አላህ ሶብሩን ይስጥዎ” አለኝ። ለወለምታ ሶብርና መጽናናት መለመን በዛ ብዬ በሆዴ ታዘብኩት።

ያለፈው እሑድ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። የዘይኑ ሚስት ዙሌካ፣ ከአራተኛ ፎቅ እሌኒ፣ ከኋላቸው ደግሞ ከመስጊድ የምናውቃቸው ሁለት ሴቶች ናቸው። ጫማቸውን አውልቀው ቀስ ብለው ገቡና ተደርድረው ተቀመጡ። እሌኒ ጥቁር ለብሳለች፣ ትልቅ ድስት ይዛለች። ሥጋውን እኔ እንደማልበላላት ስለምታውቅ ምስር ወጥ ነው የሠራችው። እግሬ በፋሻ ተጠቅልሎ ትራስ ላይ ተሰቅሏል፣ ማንም ምን ሆንሽ አላለኝም። ሐበሻ ሆኖ የታመመ እግር አይቶ ምን ሆንሽ የማይል ሰው አይቼ አላውቅም። ዙሌካ ግድግዳው ላይ ያለውን የምርቃት ፎቶሽን ቀና ብላ አየችና ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረገች።

ያን ጊዜ የመጡት ለመርዶ መሰለኝ። መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ይሰበሰባል፣ በጠዋት ይመጣል፣ ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ ከዚያ አንድ ደፋር ይናገራል። ለሌላ ሰው እኔ ራሴ በዚህ ከተማ ስንት ቤት እንዲያ ሆኜ ገብቻለሁ። እነሱ እኔ እስክናገር ይጠብቃሉ፣ እኔ እነሱ እስኪናገሩ እጠብቃለሁ። በዚያ ዝምታ ውስጥ አንቺን በሦስት ዓመትሽም፣ በትምህርት ቤት ቦርሳሽም፣ አውሮፕላን ጣቢያ እጅሽን ስታውለበልቢልኝም አየሁሽ። በሆዴ ያ አላህ አልኩ፤ በሕይወት ትኑርልኝ እንጂ የትም ትሁን፣ ካጠገቤ ካልሆነች ብዬ ሁለተኛ አልለምንህም።

በታመመው እግሬ ብድግ ብዬ ቆምኩ፤ ሕመም የሚባል አልተሰማኝም።

“ልጄ ናት አይደል? ንገሩኝ” አልኩ።

ዙሌካ አፏን በእጇ ያዘች። “እኛ ምን እንነግርሻለን? አንቺ አይደለሽ እንዴ ለዘይኑ የነገርሽው?”

“ምን ብዬ?”

“እያለቀሰች ትሮጥ ነበር፣ የያስሚን ነገር ነው አለችኝ፣ ለሰው እንዳትናገር አለችኝ ብሎ እሱም ሲያለቅስ ነው ያደረው፤ እኛም ለቅሶ ልንደርስሽ መጣን” አለች።

ከሁላችን አእምሮዋ በቦታው የነበረው እሌኒ ናት። ስልኬን ከጠረጴዛው አንሥታ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝና “አሁኑኑ ኮል አድርጊላት” አለችኝ። አንቺም አፍሽ ሞልቶ አነሣሽው። “ሃይ ማሚ፣ ምሳ እየበላሁ ነው፣ በኋላ ልደውልልሽ?” አልሽ። “ምን እየበላሽ ነው?” ብዬ ጮህኩብሽ። “ሳንድዊች። ማሚ፣ አር ዩ ኦኬ? ማን ነው የሚያለቅሰው?” ስትዪ ቴሌቪዥን ነው አልኩሽ። ቴሌቪዥኑ ዙሌካ ነበረች።

ከዚያ በኋላ ያለውን አትጠይቂኝ። ምስሩን ድስቱ እስኪጠረግ ድረስ በላነው። ነገሩን ስነግራቸው ዙሌካ “አንቺ ሴትዮ፣ ኤሌቬተሩ መቼ ተበላሸና ነው ዳገት የሚያሯሩጥሽ?” ብላ እንባዋ ሳይደርቅ ታሾፍብኝ ጀመር። ዘይኑ አፍሮ ወደ ቤቴ አልወጣም። አንድ ከረጢት በረዶ ግን በሚስቱ እጅ ልኮልኛል።

ማክሰኞ ወለምታ የምታክም ፊዚዮቴራፒስት ዘንድ ሄድኩ። አጥንቱ አልተሰበረም፣ ጅማቱ ነው የተለጠጠው። እስካሁን በረዶ እይዝበታለሁ፣ ከፍ አድርጌ አስቀምጠዋለሁ። ሻል ሲለኝ ዕቃ ሳጥብ በአንድ እግሬ እየቆምኩ እንዳለማምደው ነግራኛለች። ጫማሽን አይታ ደግሞ ይህን ዛሬውኑ ጣዪው፣ እግርሽን የሚጎዳው እሱ ነው አለችኝ። እሺ አልኳት። ስድን በልኬ አዲስ እገዛለሁ፤ ያንቺን ግን አልጣልኩትም፣ አልጋዬ ሥር ነው።

ስለዚህ ልጄ፣ አትምጪ። እዚያው ሆነሽ ታከሚ። ጓደኞችሽ ማለዳ ወደ ተራራው ሲወጡ አንቺ በመስኮት ስታያቸው ምን እንደሚሰማሽ ዘንድሮ ገብቶኛል፤ እኔም በመስኮቴ ሰው ወደ ሸለቆው ሲወርድ እያየሁ ነው የምውለው። ያልፋል። በደንብ ብዪ፣ ሲርብሽም ሆነ ሳይርብሽ። ክራንችሽን አትፈሪው። ሻል ሲልሽ ከአሠልጣኝሽ ተደብቀሽ እንዳትሮጪ፤ እኔ የጉልበቴን ሕመም ያመጣሁት ተረከዜ ሳይድን ሮጬ ነው። ብስክሌቱንም ዋናውንም እንደ ታዘዝሽው ሥሪ። መምጣትስ ትመጫለሽ፤ ትምህርትሽን ጨርሰሽ፣ በሁለት ጤነኛ እግርሽ። ያን ጊዜ ዳገቱን አብረን እንወጣለን፣ አንቺ ግን ላይ ሆነሽ ትጠብቂኛለሽ።

አላህ አጥንትሽን ይጠግንልሽ። የወጣሽውን ዳገት ቁልቁለቱንም በሰላም ያውርድሽ፣ ክፉ አይንካሽ፣ ብቻሽን ባለሽበት ሰው አያሳጣሽ። እሌኒና ዙሌካ ሰላም ብለውሻል፤ ዘይኑም ይቅር በይኝ ብሎሻል፣ ለምን እንደሆነ አሁን ታውቂያለሽ።

አንድ ነገር ብቻ አስቸግርሻለሁ። ስትደውዪ ስለ እግርሽም ስለ እግሬም የፈለግሽውን ያህል እናውራ፣ ልምጣ ወይ ብለሽ ግን ደግመሽ እንዳትጠይቂኝ። በወረቀት ነው አትምጪ ማለት የቻልኩት። በድምፅሽ ከጠየቅሽኝ ነዪ እላለሁ።

እናትሽ ጠይባ