ጤነኛዋ ጥርስ

ይህ ወረቀት ተጉለት ድረስ ዘልቆ እጅሽ ይግባ፣ ታላቄ፣ የእናቴ ልጅ እኅተማርያም። የላክሁት እኔ ወንድምሽ ኃይለየሱስ ነኝ። እንደምን ከርመሻል? ያ ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? የባልሽ የጋሼ ገብረወልድ ጉልበትስ እንዴት ሆነ? እናታችን እንደምን አለች፣ ዓይኗስ? ከብቶቹስ? መኸሩስ? እኔ አምላክ ይመስገን ደኅና ነኝ። ባለቤቴ ሠርከአዲስም ልጃችን አሰገደችም ደኅና ናቸው። የባሌ ብርድ ያው ነው፤ ጠዋት ስንወጣ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ይጠብቀናል። ገብሱ ግን ዘንድሮ ጥሩ ነው።

እታለም፣ ይህን የሚያነቡልሽ የእናታችን የነፍስ አባት መምሬ ገብረ ሥላሴ መሆናቸውን አውቃለሁ። እናታችን ከአጠገባችሁ ካለች መምሬ እዚህ ላይ ያቁሙ። ዓይኔን አመመኝ ይበሉ። ከዚያ ሁለታችሁ ወደ ደጀ ሰላሙ ሂዱና የቀረውን እዚያ ስሚው።

አሁን ብቻችሁን ናችሁ። ደኅና ነኝ አልሁ እንጂ ደኅና ነን አላልሁም። ታናሻችን ብዙነህ ሞቷል። ጥቅምት አሥራ ሁለት ቀን ጎባ ቀበርነው፤ አርባውም ወጥቷል። መርዶ በወረቀት እንደማይነገር ጠፍቶኝ አይደለም። እናታችንን መምሬ ከሽማግሌዎች ጋር በማለዳ ሄደው እንደ ወጉ ያርዷት። አንቺ ግን እንዴት እንደሞተ አስቀድመሽ ማወቅ አለብሽ፤ በእኔ እጅ ነውና።

ሥራዬን ታውቂያለሽ። ከጦሩ ጋር ስመጣ የተሰበረ ጠመንጃ እጠግን ነበር። ጉጠት ስላለኝ አንዱ ጥርሱን ያመመው ወታደር እባክህ ንቀልልኝ አለኝ፤ በዚያው ጥርስ ነቃይ ሆኜ ቀረሁ። በገበያ ቀን ሮቤ እወርዳለሁ። ከገሰራ ሳይቀር ጉንጫቸውን በጨርቅ አስረው ይመጣሉ፤ ወታደሩም፣ ነጋዴውም፣ ያገሩ ሰው ኦሮሞውም። ሠርከአዲስ ጨው ውኃ ታፈላለች፣ እኔ እነቅላለሁ። አንዳንዱ በእኛ ላይ ቂም አለው፤ አይፈረድበትም። አፉን ሲከፍትልኝ ግን የሁሉም ሕመም ያው ነው።

መጀመሪያ ያስቸገረኝ ቋንቋው ነበር። ጥርሱን በብረት ጫፍ መታ እያደረግሁ ያምሃል ወይ ስለው፣ በኦሮምኛ ሂን ዱኩባ ካለ ያመኛል ማለቱ ነው፤ ሂን ዱኩቡ ካለ ደግሞ አያመኝም ነው። ልዩነቱ የቃሉ ጭራ ብቻ ነው። ይህን ሳላውቅ የጎረቤቴን የኦቦ ከዲርን ጤነኛ መንጋጋ ነቀልሁበት። ቤታችን የቆመበት መሬት የአባቱ ግጦሽ ነበር፤ መሬቱን ወሰድን፣ ጥርሱንም ጨመርንበት። እሱ ግን ደሙን ተፍቶ ሳቀና፣ ለመብያ አንድ እንኳ ተውልኝ አለ። ከዚያ ወዲህ የቃሉን ጭራ አጥብቄ አዳምጣለሁ። በቋንቋቸው ዳግመኛ ተሳስቼ አላውቅም።

የተሳሳትሁት በራሴ ቋንቋ ነው። መስከረም ሊያልቅ ሲል ብዙነህ ጥርሱን አሞት ገበያ መጣ። ወታደር ጓደኞቹ ከበውታል። ታውቂው የለ፣ ሰው ፊት ቢገድሉት አመመኝ አይልም። የታመመችውን መታ ሳደርግ ዓይኑ ርግብ አለ፤ አንዱ ጓደኛው አይቶ ሳቀበት። ያን ጊዜ ፊቱን ኮስተር አድርጎ አያመኝም አለኝ። ቀጥላ ያለችውን ስነካ፣ ለመገላገል ያህል፣ ይቺ ናት አለ። ነቀልኋት። ሥሯ ነጭ፣ ጉድፍ የሌለባት ጤነኛ ጥርስ።

እታለም፣ ያን ጊዜውኑ አውቄያለሁ። ግን ገበያው ሁሉ ቆሞ ያየኛል። የጎባው ጥርስ ነቃይ የገዛ ወንድሙን ደኅና ጥርስ ነቀለ እንዳይሉኝ በመዳፌ ጨብጬ ደበቅኋት። በጆሮው፣ የታመመችው ገና አለች፣ ማታ ቤት ና አልሁት። እሺ አለ፤ አልመጣም። በማግስቱ ከጭፍራው ጋር ወደ ሪራ ጫካ ወረደ። ተከትዬ ሄጄ እሱን መመለስ ነበረብኝ። ዛሬ ይመጣል ነገ ይመጣል እያልሁ ተቀመጥሁ። በአሥራ አንደኛው ቀን በበቅሎ ጭነው ሲያመጡት ፊቱ አብጦ ጉሮሮው ተዘግቷል። እብጠቱን በጥቼ መግሉን አፈሰስሁ፤ ውኃ እንኳ አልወርድ አለው። በሦስተኛው ቀን አረፈ።

አላለቀስሁም። ሰው ሁሉ ደረቱን ሲመታ እኔ ጉድጓዱ በቂ ጥልቀት አለው ወይ እያልሁ እመለከት ነበር። ኦቦ ከዲር ከብቶቹን ትቶ መጥቶ ሦስት ቀን ደጃፌ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ በሽተኛ መጣ፣ ነቀልሁ። ሌላም መጣ፣ ነቀልሁ። ጥርስ ባዳ ነው ይባል የለ፣ ከሰው ጋር እስቃለሁም። ውስጤ ግን ደንዝዟል፤ የበላሁትን ጣዕሙን አላውቀውም።

ባለፈው ሳምንት አሰገደች የወተት ጥርሷ ተነቃንቃባት አባባ አውጣልኝ ብላ መጣች። ያምሻል ወይ ብላት፣ ከጎረቤት ልጆች ጋር ስለምትውል በኦሮምኛ መለሰችልኝ። ዱኩባ ትበል ዱኩቡ፣ ጭራው አልሰማ አለኝ። ሦስት ጊዜ ጠየቅኋት። በክር የምትወጣ ጥርስ ናት፤ እጄን ወደ አፏ መስደድ አቃተኝ። ሠርከአዲስ አውጥታላት ጣራ ላይ ወረወሯት። ይህን ወረቀት ልጻፍ ያልሁት ያን ዕለት ነው።

እናታችን የብዙነህን እጅ በእጄ ላይ አድርጋ አደራ ያለችኝን ታስታውሻለሽ። አደራ በላ ሆንሁ። መምሬ በበሽታ ሞተ ብለው ቢያረዷት ውሸት አይሆንም፤ እኔም መጀመሪያ እንደዚያ እንዲሏት ልለምናቸው ነበር። ነገር ግን አንድ ጊዜ ደብቄ ምን እንዳመጣሁ አይቻለሁ። ሁሉን ይንገሯት፤ በመዳፌ የጨበጥኋትንም ጭምር።

ጥርሲቱን በነጭ ጨርቅ ቋጥሬ ከወረቀቱ ጋር ልኬልሻለሁ። ሬሳው እዚህ ስለቀረ፣ ለቅሶ ስትቀመጡ ከእሱ የሚሆን ነገር ይኑራችሁ ብዬ ነው።

ጋሼ ገብረወልድን እንደምን ሰነበትህ በይልኝ። ልጆችሽን አንድ በአንድ ሳሚልኝ። መምሬን ጉልበታቸውን ስሜያለሁ፤ ለዚህ ላደከምኋቸው ይፍቱኝ። ሠርከአዲስ እጅ ትነሣለች፣ አሰገደችም አክስቷን ትስማለች።

ለእናቴ ሰላምታ አልላክሁም። ሁሉን ሰምታ ስታበቃ ጥርሲቱን መዳፏ ላይ አኑሪላት። ከዚያ በኋላ ኃይለየሱስስ እንዴት ነው ብላ የጠየቀች እንደሆነ ላኪብኝ፤ ያን ጊዜ ሰላም እላታለሁ። ካልጠየቀችም እዚሁ ነኝ፤ ጥርሱን የሚያመው ሰው አይታጣም።

ወንድምሽ ኃይለየሱስ
ጎባ፣ ኅዳር 26 ቀን 1892 ዓመተ ምሕረት