የደበቅኩት ፎቶሽ

ለልጄ ለዕፀገነት፣ እመቤቴ ባለሽበት አገር በጥላዋ ትሰውርሽ። ቦንጋ ዝናቡ ገብቷል፤ ሁላችንም ደህና ነን።

የላክሽልኝን ፎቶሽን ሳየው ደነገጥኩ። «ከስታለች፣ ታማ ነው» እንዳይሉ ከጎረቤት ደበቅኩት። እንድትወፍሪልኝም ለማርያም ጃንጥላ ተሳልኩ። ወደሽ ክብደት መቀነስሽ የገባኝ በኋላ ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ነው።

ባለፈው ወር ደግሞ ሐኪሙ እኔኑ «ስኳር አለብዎት፣ ክብደት ይቀንሱ» አለኝ። ገበያ በእግሬ መሄድ ጀመርኩ። አቀበቱ ላይ ሰዎች «እትዬ ወሰንየለሽ፣ የባጃጅ ሳንቲም አጡ እንዴ?» ሲሉኝ አፍሬ ሁለቴ ተውኩት። ሰኞ እንደገና ወጣሁ።

ፎቶሽን ሳሎን ሰቅዬዋለሁ። ያንን ስለት ማርያም እንዳልሰማች ትቁጠርልኝ።

መንገድሽን ታቅናልሽ፣ ልጄ። ልብስ መላኩን ተይው፤ አንቺ ክብደት ስትቀንሺ ስንቴ አቁመሽ ስንቴ እንደጀመርሽ ብቻ ጻፊልኝ።

እናትሽ