የቢርካው ውሃ እና የፀሐይ ክርክር

ሰኞ፣ መጋቢት 8 ቀን 2006

ሆዳን ዛሬም ሁለት ጊዜ ደወለች። አላነሳሁም። መጀመሪያ ስትደውል ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ለሁለተኛው ምክንያት የለኝም።

ትናንት የነገረችኝ ይበቃኛል። የጤና ኬላው የክትባት ፍሪጅ ቆሟል። የሶላሩ ባትሪዎች ሞተዋል። ውስጡ የነበረው የኩፍኝ ክትባት ሞቆ ተጥሏል።

ሆዳን ተማሪዬ ነበረች። አሁን ከቱሊ ጉሌድ ወዲህ ባለች አንዲት መንደር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ሶላሩ ሲተከል ባትሪ እንዴት እንደሚያዝ ያሳየኋት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም። ሶላር ባየሁበት ቦታ ሁሉ ማስረዳት እወዳለሁ።

ኅዳር ላይ ደውላ ጠየቀችኝ። የባትሪ ውሃ አልቋል፣ ከጅጅጋ የሚመጣ መኪና የለም፣ የቢርካ ውሃ ይሆናል ወይ? ቢርካ መሬት ተቆፍሮ በሲሚንቶ የተለሰነ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ነው። ጎርፉ ከነአፈሩ ይገባበታል። ፈተና እያረምኩ ነበር። "ከሰማይ የመጣ ውሃ አይደል? ጨምሪው" አልኳት። ግማሽ ደቂቃ እንኳ አላወራንም።

እንደዚያ አይደረግም። ባትሪ የሚፈልገው የተጣራ ውሃ ነው። ጭቃና ጨው ያለበት ውሃ ውስጡን ይበላዋል። ይህን በየዓመቱ አስተምራለሁ።

ረቡዕ የሳይንስ ክበቡ ክርክር አለ። "ለክልላችን የሚሻለው የፀሐይ ኃይል ነው ወይስ የኑክሌር?" የእኔ ተማሪዎች ፀሐይን ይዘዋል። የኬሚስትሪ መምህሩ የአብዲ ተማሪዎች ደግሞ ኑክሌርን። ለልጆቼ የጻፍኩላቸው ይህ ነው፦

— ፀሐይ እዚህ ዓመቱን ሙሉ አለች።
— ከሩቅ ሽቦ መሳብ የለም፤ ጣሪያ ላይ ይተከላል።
— ኑክሌር ለማቀዝቀዣ ብዙ ውሃ ይፈልጋል። ውሃ በቦቴ ለሚመጣለት አገር?
— የኑክሌር ዝቃጭ ለልጅ ልጅ ይተርፋል።
— በፀሐይ የተሳሳተ ሰው በጨለማ ያድራል እንጂ ማንንም አይጎዳም።

የመጨረሻዋን የጻፍኳት ባለፈው ሳምንት ነው። ዛሬ ልሰርዛት ወረቀቱን ፈለግሁ። ከተከራካሪዎቼ አንዷ፣ ፈርቱን፣ ወስዳው እየሸመደደች ነው አሉኝ።

አብዲ መምህራን ማረፊያ ውስጥ፣ "ፀሐይህ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከሥራ ትወጣለች፤ እንደ መንግሥት ሠራተኛ" አለኝ።

"ከመንግሥት ሠራተኛማ ግማሽ ሰዓት ትበልጣለች" አልኩት። ሁሉም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9

ጠዋት አነሳሁት።

"መዓሊን" አለችኝ። መምህር ማለቷ ነው፤ ከተማሪነቷ ጀምሮ እንዲሁ ነው የምትጠራኝ። ባለሙያ መጥቶ ባትሪዎቹን ከፍቷል። ምን ጨመርሽበት? አላት። የቢርካ ውሃ። ማን ጨምሪ አለሽ? አልነገርኩትም አለችኝ። ሐሙስ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ቀርባ እንድታስረዳ ታዝዛለች። በቂ ምክንያት ካላቀረበች ከሥራ ትሰናበታለች።

"ኅዳር ላይ ያልከኝን ታስታውሳለህ?"

"ብዙ ነገር አውርተናል፣ ሆዳን።"

ይህን ነው ያልኳት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እጄን ታጠብኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ከሰዓት ክፍል አልነበረኝም። ከአንድ ጋራዥ ሁለት ጠርሙስ የባትሪ ውሃ ገዝቼ በሚኒባስ ወደ ሆዳን ጤና ኬላ ሄድኩ።

ሶላሮቹ ንጹሕ ናቸው። በየቀኑ ትወለውላቸዋለች። የፍሪጁ ክዳን ተከፍቶ ውስጡ መዝገቦች ተደርድረውበታል። ባትሪዎቹ ውጭ ግድግዳው ሥር ተቀምጠዋል። በአንዱ ቀዳዳ ብመለከት ውሃው የቀጠነ ሻይ ይመስላል።

አንዲት እናት ልጅ ታቅፋ ጥላው ውስጥ ተቀምጣለች። ሆዳን ወደ ቱሊ ጉሌድ ጤና ጣቢያ እንድትሄድ እየነገረቻት ነበር። ሴትዮዋ እኔን አይታ በሶማሊኛ ጠየቀች።

"ሶላሩን ሊሠራ ነው ወይ የመጣው? እያለች ነው" አለችኝ ሆዳን።

"አይደለም በያት።"

ሴትዮዋ መልሱን ሰምታ ሳቀች። መልሳ የተናገረችውን ያለ አስተርጓሚም ገባኝ፤ ታዲያ ምን ሊሠራ መጣ?

ሴትዮዋ ከሄደች በኋላ፣ "ጥፋቱ የእኔ ነው" አልኩ።

"ለእኔ ነው የምትነግረኝ? እኔማ አውቃለሁ። የጠየቅኩህ እኔ ነኝ።" መዝገቦቹን ማስተካከሏን አላቆመችም። "አንተ ነህ ያልከኝ ብዬ ስምህን አልጠራም። መምህሬን አልከስም፤ ነውር ነው። አንተ ካልመጣህ ግን እዚያ የምናገረው የለኝም። ሐሙስ ሦስት ሰዓት ነው።"

"እስቲ" አልኳት።

ጠርሙሶቹን አየቻቸው። "ይሄ ለሞተ ባትሪ ነው?"

ጥያቸው መጣሁ። ይዤ መመለሱ ይበልጥ አሳፈረኝ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 10

አሸነፍን።

የአብዲ ልጆች በደንብ ተዘጋጅተዋል። ኑክሌር ቀንና ሌሊት ይሠራል፣ ደመና አያቆመውም፣ ጥቂት ነዳጅ ለረጅም ጊዜ ይበቃዋል። የእኛዎቹ የጃፓኑን አደጋ አነሱ። ከዚያ የእነሱ ሦስተኛ ተናጋሪ፣ ቀጭን መነጽራም ልጅ፣ ተነስቶ ጠየቀ።

"ባትሪውን ማን ይጠብቀዋል? ኑክሌር አደገኛ ስለሆነ የተማረ ሰው ሃያ አራት ሰዓት አጠገቡ ይቆማል። የሠራውን ጽፎ ይፈርማል። ሶላርን ግን አደጋ የለውም ብላችሁ ተክላችሁ ትሄዳላችሁ።"

ፈርቱን ወረቀቱን ሳታይ መለሰች፤ "በፀሐይ የተሳሳተ ሰው በጨለማ ያድራል እንጂ ማንንም አይጎዳም።" ጭብጨባው አልቆም አለ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ተማሪዬ ናት።

"እንኳን ደስ አለህ" አለኝ አብዲ። "ዳኞቹ ግን የልጄን ጥያቄ አልሰሙትም።"

"እኔ ሰምቼዋለሁ" አልኩት።

ፈርቱን መጥታ፣ "ቲቸር፣ መልሴ ልክ ነበር?" አለችኝ። ጎበዝ አልኳት። በዚህ ሳምንት ሁለተኛው ውሸቴ ነው።

የምፈራውን ልጻፈው። ርዕሰ መምህሩ መስማቱን። ስለ ሶላር የሚጠይቁኝ ሰዎች መቅረታቸውን። የአብዲን ሳቅ። ሦስቱም ተደምረው አንድ ቀን እንጀራዬን አያሳጡኝም። ሆዳን የምታጣው ግን እንጀራዋን ነው።

ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ክፍል አለኝ። ፈቃድ አልጠየቅኩም።

ሐሙስ፣ መጋቢት 11

ሲነጋ ደብዳቤ ጻፍኩ። አንድ ገጽ አልሞላም። ሦስት ጊዜ "ምናልባት" የሚል ቃል አግኝቼበት ሦስቱንም ሰረዝኩ።

ክፍሌን እንዲይዝልኝ አብዲን ጠየቅኩት። ለምን አለኝ። ነገርኩት።

"የቢርካ ውሃ? አንተ?"

"እኔ።"

አልሳቀም። "ሂድ። ክፍሉን እይዝልሃለሁ።"

ወረዳው ጽሕፈት ቤት ሦስት ሰዎች ጠረጴዛ ይዘው ተቀምጠዋል። ሆዳን አግዳሚው ጫፍ ላይ ነበረች። ስገባ ቀና አላለችም። ማን ነህ አሉኝ። የፊዚክስ መምህር ነኝ ብዬ ደብዳቤውን አነበብኩ። ሽበታሙ ሰውዬ እስክጨርስ ጠበቀኝ።

"መምህር ሆነህ ይህን ነገርካት?"

"አዎ።"

"አታውቅም ነበር?"

"አውቃለሁ። ፈተና እያረምኩ ነበር። ቶሎ ልገላገላት ፈልጌ ነው።"

ይህች የመጨረሻዋ ቃል ደብዳቤው ላይ አልነበረችም። ሽበታሙ ጻፋት።

ሌላኛው ወደ ሆዳን ዞረ። "አንቺስ መመሪያ አልነበረሽም?"

"አለኝ። የተጣራ ውሃ ጨምሩ ይላል። ውሃው ሲያልቅ ምን እንደሚደረግ አይልም። ስለዚህ መምህሬን ጠየቅኩ።"

እርስ በርሳቸው በሶማሊኛ ብዙ ተነጋገሩ። ውሳኔው ለሰኞ ተቀጠረ። እስከዚያ ሥራዋ ላይ ትቆይ፣ ክትባት በበረዶ ሳጥን ከጤና ጣቢያው እየወሰደች ትስጥ ተባለ። ስለ እኔ ምንም አላሉም። የእነሱ ሠራተኛ አይደለሁም፤ ሊቀጡኝ አይችሉም። ይህ ደስ አላለኝም።

ውጭ ሆዳን ጫማዋን እያሰረች፣ "ቅዳሜ ክትባት አለኝ። ጤና ጣቢያው በረዶ ሳይጨርስ ልድረስ" አለችኝ። ሄደች። አላመሰገነችኝም። የሚያስመሰግን ነገርም አላደረግሁም።

መዝገብ ቤት ያለችው ሴት ደብዳቤውን ተቀብላ ቁጥር ሰጠችው፤ ማኅተም መታችበት፤ ከሆዳን ፋይል ጋር አያያዘችው። ሰኞ ምን እንደሚሉ አላውቅም። አሁን ግን ደብዳቤውን ከፋይሉ ላወጣው ብፈልግም አልችልም።