ዳኛ ያጣ ክርክር

ታኅሣሥ 3

የጎረቤቴን ቀሚስ ወገቡን ሳሰፋ ዋልኩ። ወፈርሽ አይባልም... ቀሚሱ ጠበበ ነው የሚባለው።

ባሌ ዛሬም ጋዜጣውን ክንዱን ዘርግቶ ነው ያነበበው። መነፅሩ አንድ ጎኑ ተሰብሮ በክር አስሮታል፣ ያውም ከኔ ሳጥን በወሰደው ቀይ ክር። አዲስ ግዛ ስለው፣ "ከእንግዲህ አውቶቡስ አልነዳ፣ ምን ላይበት ነው?" ጡረታ ከወጣ ወዲህ መልሱ ሁሉ ይሄው ነው። ተጨቃጨቅን።

ልጃችን ከክሊኒክ ስትመለስ እንደ ልማዳችን ክሱን ለሷ አቀረብን። ከሕፃንነቷ ጀምሮ እኔና እሱ ስንጣላ ፈራጇ እሷ ናት። "ዳኛዬ" የሚላት ለዚህ ነው። ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆማ ፈረደች። "አባዬ ቅዳሜ ዓይኑን ይለካል። መነፅሩን እኔ አሠራለታለሁ። እማዬ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ አትነዘንዝም። ይግባኝ የለም።"

ሳቅን። እራት በላን።

ታኅሣሥ 7

ዓይኑን ተለካ። እጁን ይዛ እንደ ተማሪ ነው የወሰደችው። መነፅሩ ሲደርስ እንደውላለን ብለዋታል።

ታኅሣሥ 16

ክሊኒኩ ያለበት ሕንፃ ወደቀ። ልጄ ውስጥ ናት።

ጥር 2

ለቀስተኛው ሁሉ ወደ ቤቱ ገባ። እኔና እሱ ቀረን።

ከቀበርናት ወዲህ እስክሪብቶ ስይዝ የመጀመሪያዬ ነው። ምን ብዬ ልጻፍ? አንዱ ነጭ ጋዋኗ እኔ ጋ ነበር። ቁልፉ ላላ ብላ ሰጥታኝ። ዛሬ አጥብቄ ሰፋሁት። ለማን?

ጥር 11

በቴሌቪዥን መግለጫ ሰጡ። መሬቱ በዝናብ ርሶ ነው አሉ።

"በዚህ በጋ?" አለኝ። "ዝናብ አይተሻል?"

"አላየሁም።"

"እንግዲያስ።"

የሆነ ግሩፕ ውስጥ ገብቷል። "እውነቱ ይውጣ" ነው የሚባለው። ቀኑን ሙሉ ስልኩን አርቆ ይዞ፣ በቀይ ክር በታሰረው መነፅር ሲያጮልቅ ይውላል። ሕንፃው ሲወድቅ ሁለት ጊዜ ድው ብሏል ይላሉ። መጀመሪያ ፈንጂው፣ ቀጥሎ ሕንፃው። ባለቤቱ አፍርሶ ረጅም ፎቅ ሊሠራበት ፈልጎ ነው ይላሉ።

"ሰው እያለበት?" አልኩት።

"አንቺ ሴትዮ፣ እነሱን አታውቂያቸውም።"

"አንተስ ከየት አወቅካቸው?"

ሁለተኛው ድምፅ ምን እንደሆነ ንገሪኝ አለ። የመብራት ትራንስፎርመር ይሆናል አልኩ። የሚሆን ነገር ሳይሆን የሆነውን ንገሪኝ አለ። ተካረርን። አንዳችንም አልረታንም፤ ለካ ሁለታችንም ወደ በሩ ዞረን ኖሯል። ጫማዋን ሳታወልቅ የምትፈርድልን ግን እዚያ የለችም።

ጥር 19

አንዷ ደንበኛዬ ወገቧን ስለካት ከሕንፃው ሥር ወርቅ እየቆፈሩ ነበር ብላ አወራችኝ። የምታወራው ስለ ማን ልጅ መቃብር እንደሆነ አታውቅም። አፌ መርፌ ይዞ ስለነበር አልመለስኩላትም። ደግ ሆነ።

ማታ መግለጫው ተቀየረ። ዝናብ አይደለም አሉ። ምድር ቤት ያለውን ሱቅ ለማስፋት አንድ ምሰሶ ቆርጠዋል፣ አጣሪ ኮሚቴው ያገኘው ይሄንን ነው አሉ። ባለፈው ስለ ዝናብ የነገረን ሰውዬ ራሱ፣ በዚያው ከረባት።

"ነገ ደግሞ ነፋስ ነው ይሉሻል" አለኝ። በዚህ በዚህ እውነቱን ነው። ለነሱ ጥብቅና መቆሜ አሳፈረኝ።

ግን እኔ ለመንግሥት ብዬ ነው የምከራከረው? አይደለም። አንድ ስግብግብ ባለሱቅ ምሰሶ ከቆረጠ ልጄን የጠላ ሰው የለም ማለት ነው። መኖሯን እንኳ አላወቀም። ይሄ ይቀለኛል። እሱ ደግሞ የሚጠላው ሰው ካላገኘ መተኛት አልቻለም። ይሄው ነው ክርክራችን።

ጥር 26

ዛሬስ አበዛው።

ግሩፑ ሕንፃው ከመውደቁ በፊት ማን ወጣ ብሎ መፈለግ ጀምሯል። የክሊኒኩን የካርድ ክፍል ልጅ ፎቶ ለጠፉ። ያቺ ከልጄ ጋር የማትለያየው፣ እዚህ ቤት ስንት ቀን የበላች፣ ጉርዶቿን ያሳጠርኩላት። እሱ ደግሞ ከሥሩ ምን ጻፈ... "እኔ የሟች አባት ነኝ። ይቺ ልጅ ለምን ቀድማ ወጣች? ማን ነገራት?" በአንድ ቀን አገር ምድሩ ተቀባበለው።

"ምን ነካህ?"

"ጠየቅኩ እንጂ ምን አደረግኩ?"

"ፈረድክባት እንጂ የምን ጥያቄ ነው?"

"ንጹሕ ከሆነች ለቅሶ ለምን አልመጣችም?"

ይሄ ጥያቄ እኔንም ሲቆጠቁጠኝ የከረመ ነው። ለምን አልመጣችም?

የካቲት 4

መጣች።

ከስታለች። አከራይዋ ቤቴን ልቀቂ ብላታለች። ሱቅ ስትሄድ ነፍሰ ገዳይ ይሏታል። ይሄን ሁሉ በሩ ላይ ቆማ ነው የነገረችኝ። እሱ ከወንበሩ አልተነሳም።

"ከሕንፃው ማን ነው ውጪ ያለሽ?"

"እሷ ናት አባባ።"

"ማን እሷ?"

"ልጅዎ።"

ከቦርሳዋ የመነፅር ቤት አወጣች። ጥቁር፣ አዲስ።

"ደርሷል ብለው ደወሉላት። በሽተኛ ይዛ ስለነበር መውጣት አልቻለችም። ሱቁ ሳይዘጋ ሮጠሽ አምጪልኝ፣ ዛሬ ይዤለት ልግባ አለችኝ። ተቀብዬ ስመለስ... መንገዱን ልሻገር ስል..."

ገብታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ፣ "ለለቅሶው እናንተ በር ድረስ እየመጣሁ ስመለስ ነው የከረምኩት። ይሄን ይዤ ምን ብዬ ልግባ? በእርስዎ መነፅር እኔ ተረፍኩ ልበል?"

እሱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ሁለቱ ድምፅስ? ሰምተሻል?" አላት። አሁንም።

"እኔ አንዱንም አልሰማሁም አባባ። አቧራውን ብቻ ነው ያየሁት።"

አቅፌያት አለቀስኩ። ውስጤ ግን፣ ይቅር ይበለኝ፣ ምናለ ልጄ ራሷ በሄደች ይላል። እያቀፍኳት።

መነፅሩን እሱ አልነካውም። ጠረጴዛው ላይ አለ።

የካቲት 5

እሱ እየነገረኝ ግሩፑ ላይ እኔ ጻፍኩለት። "ልጅቷ ንጹሕ ናት። የላከቻት የኔ ልጅ ናት፣ ለኔው ጉዳይ። ተሳስቻለሁ፣ ተዉአት።"

መልሱ እየተንጋጋ መጣ። ስንት ከፈሉህ? አባትየውንም ገዙት። ድሮም አባት አይደለም፣ ተዋናይ ነው። ከዚያ ከግሩፑ አስወጡት።

"ልጅ ቀብሬ ተዋናይ ሆንኩ" አለ። ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

የካቲት 14

አይናገርም። ከሰጠሁት ሁለት ጉርሻ ቀምሶ ይተዋል። መስኮቱ ጋ ነው ውሎው። እሱንም ልቀብረው ነው እንዴ?

ዛሬ ጨነቀኝና ራሴ ጀመርኩት። "እኔ እንኳ አሁን አሁን ፈንጂ ሳይሆን አይቀርም እያልኩ ነው" አልኩ። እኔ! ተነሥቶ ይሟገተኛል ብዬ።

ዝም።

"ያ ሁለተኛው ድምፅ እኮ..."

"ተይው በቃ" አለ።

ክርክሩ ናፈቀኝ ብል ማን ያምነኛል? ስንጨቃጨቅ ቢያንስ ስሟ ይነሳ ነበር። መሀላችን ያለች ይመስል ነበር። አሁን ቤቱ ጭጭ አለ።

የካቲት 23

የካርድ ክፍሏ ልጅ ጓዟን ይዛ ገባች። አከራይዋ ጨክናባታለች። ነይ ያልኳት እኔ ነኝ፣ ሻንጣዋን ከእጇ ተቀብሎ ያስገባው ግን እሱ ነው። የልጄ ክፍል በር ላይ ትንሽ ቆመ። ከዚያ አስቀመጠላት።

ምሳ ላይ ያንን ቀይ ክር አየችው። "አባባ፣ ያኛውስ?"

ቀስ ብሎ አዲሱን መነፅር ከቤቱ አወጣው። አደረገው። ግድግዳውን አየ፣ እጁን አገላብጦ አየ። ከዚያ እኔን። ብዙ አየኝ።

"መቼ ነው እንዲህ የሸበትሽው?"

"አንተ ፈንጂ ስትፈልግ።"

ልጅቷ በድንጋጤ ጉርሻዋን ያዘች። እሱ ግን፣ ከስንት ጊዜ በኋላ፣ አፉ ሊስቅ ከጀለ። "አነጋገሯን ሰማሽልኝ፣ ዳኛ..." አለና ወደ በሩ ዞረ። እኔም ዞርኩ። ልማድ ነው።

እሱ በሩን ትክ ብሎ ሲያይ ቆየ።

"በደንብ ይታይሃል?" አልኩት።

"ይታየኛል" አለ። "ማንም የለም።"

የመነፅሩ መስታወት ረጠበ። ተቀበልኩትና በቀሚሴ ጫፍ ጠርጌ መለስኩለት።